ሕጉ በር ላይ ሲቆም፦ የቤት ሠራተኛን በፍትሕ እንዴት እንቅጠር?

በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ቤይሩት የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አሠሪዎች የእኛን ሴቶች ከነሻንጣቸው እየጣሉ ሲሄዱ ያላየ ሰው የለም። የሊባኖስ ኢኮኖሚ ተንኮታኩቶ ነበር፣ ኮሮናም ተጨምሮበታል። ብዙዎቹ የወራት ደሞዝ አልተከፈላቸውም። ፓስፖርታቸው በአሠሪው እጅ የቀረባቸውም ነበሩ። ፌስቡክ ላይ ያልተሳደበ፣ ያላለቀሰ አልነበረም። "ከፋላ" የሚባለውን፣ ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረውን ሥርዓት ሁላችንም በአንድ ሳምንት አወቅነው፣ ረገምነውም።

እዚሁ አዲስ አበባ ስንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የሠራተኛ መታወቂያ ተቆልፎበት እንዳለ ግን ማንም አላነሳም። ስንቷ ልጅ "ደሞዜ እትዬ ጋ ነው" እያለች ዓመት እንደምትሞላም እንደዚሁ።

እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ሠራተኛ አለችን። ይህን ስጽፍ ለጨካኝ አሠሪ ብዬ አይደለም፣ ጨካኝ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ አያነብም። "እኔስ እንደ ልጄ ነው የማያት" ለሚለው ደህና ሰው ነው። ልጃችሁ ከሆነች ታዲያ ለምን በዕቃ ቤቱ ጥግ ትተኛለች? ብዬ ብጠይቅ ብዙ ወዳጅ አጣለሁ። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥሩ ጥሩ ነገር አለው። መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሳምንት አንዴ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው።

የቤት ሠራተኛ ጋ ሲደርስ ግን አዋጁ በር ላይ ይቆማል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ብሎ ያስወጣትና ጉዳይዋን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ይተወዋል። ከዚያ ውጭ ያለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ ደግሞ ሠራተኛው አሠሪው ቤት የሚኖር ከሆነ መኝታው፣ ምግቡ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ጤናውንና ሞራሉን የሚጠብቅ እንዲሆን አሠሪው ይጠንቀቅ ይላል። ደግ ቃል ነው። ግን የማንንም ማድ ቤት ገብቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ የለም።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ ፖሊሱም እኛው ነን። ይሄ ሥልጣን ማንንም ያበላሻል። የኔ ዘዴ ቀላል ነው። አዋጁ ቤቴን የሚመለከት ይመስል አውጥቼ አነበዋለሁ፣ በተቻለ መጠን በዚያ ልክ እሠራለሁ። ያልቻልኩትን ደግሞ በገንዘብ እከፍላለሁ። ሰዓት ካለፈ የትርፍ ሰዓት አለ። ደግነት ማለት ከዚያ በላይ የምንጨምረው ነው፣ በሱ ፈንታ የምንሰጠው አይደለም።

ከመቅጠር በፊት

ሠራተኛ ለምን እንደምንቀጥር አንካድ። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። በ121ኛው ቀን ጠዋት ሕፃኑን ማን ይይዛል? የሕፃናት ማቆያ በየሰፈሩ የለም፣ ያለውም ውድ ነው። እናት ሩቅ ናት፣ ባል ቢሮ ይገባል። እኔ ቢሮ የምገባው አንዲት የገጠር ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ስለመጣች ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ የሚያሳጣኝ ጊዜ አለ፣ ግን እንቅልፍ ማጣቴ ለሷ ምንም አይፈይድላትም። የሚፈይድላት ቀጥሎ ያለው ነው።

በር ያለው ማደሪያ ከሌላችሁ አዳሪ አትቅጠሩ። ግቢ ያለው ሰው ሰርቪስ ቤት አለው። የኮንዶሚኒየም ሰው ግን ባለ አንድ መኝታ ውስጥ አምስት ሆኖ እየኖረ አዳሪ ይቀጥራል። ልጅቷ ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ባልየው ኳስ እስኪያልቅ ድረስ እሷ ወንበር ላይ እያንቀላፋች ትጠብቃለች። ጠዋት ደግሞ ማንም ሳይነሳ ፍራሹን ጠቅልላ ከአልጋ ስር ትከታለች፤ እዚያ ቤት እንዳደረች የሚያሳይ ምልክት አይቀርም። እንዲህ ከሆነ ተመላላሽ ቅጠሩ። የታክሲዋን ቻሉ። ይወደዳል፣ አውቃለሁ።

ዕድሜ ላይ ደግሞ ደላላ አትመኑ። "አሥራ ስምንት በይ" ብሎ አስጠንቷት ነው የሚያመጣት። ስለዚህ ዕድሜዋን አትጠይቋት። ስንተኛ ክፍል ላይ አቆምሽ? ካቆምሽ ስንት ዓመት ሆነሽ? ታናሽሽ አሁን ስንተኛ ክፍል ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ሒሳቡን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። 13 ወይም 14 ከሆነች ቤተሰቧ ጋ ደውሉ፣ መሳፈሪያዋን ከፍላችሁ ዘመድ እጅ አስረክቡ። "እኔ ባልወስዳት ሌላው ይወስዳታል" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሌላው ሊወስዳት ይችላል፣ እሱ የሱ ዕዳ ነው።

ከ15 እስከ 18 ያለችውን አዋጁ "ወጣት ሠራተኛ" ይላታል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። ወደ ቤታችን ስናመጣው፣ እንዲህ ያለች ልጅ ሕፃን ይዛ ማደር የለባትም ማለት ነው። ማታ የሚያለቅስ ልጅ የወላጁ ነው።

የደላላውን ኮሚሽን ደግሞ ሁለቱንም ወገን እናንተ ክፈሉ። ከመጀመሪያ ደሞዟ አትቁረጡ።

አንድ ገጽ ውል

ሰው ይስቃል። "ለሠራተኛ ደግሞ ውል!" ይላሉ። የባንክ ጥበቃ ሲቀጠር ውል ይፈርም የለ? አንድ ገጽ ይበቃል። የሥራው ዓይነት ይጻፍ፤ ምግብ ማብሰል ነው፣ ልብስ ማጠብ ነው፣ ልጅ መያዝ ነው፣ ወይስ ሁሉም? ደሞዝና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። የዕረፍት ቀኗ፣ ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ ለመልቀቅ ወይም ለማሰናበት የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። ሁለት ቅጂ አድርጉት፣ አንዱ የሷ ነው። ማንበብ ካልቻለች ያመጣት ዘመዷ ባለበት ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። አማርኛዋ ገና ከሆነ በኦሮምኛ ወይም በወላይትኛ የሚያስረዳላት ሰው ፈልጉ፤ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም።

ተያዥ መጠየቅ ነውር የለውም። ልጃችንን ይዛ የምትውል ሰው ናት፣ ማንነቷን ማወቅ መብታችን ነው። መታወቂያዋን በስልክ ፎቶ አንሡና ዋናውን መልሱላት። ዋናው መታወቂያ የሷ ነው።

ደሞዝ

"በልታ ጠጥታ ነው እኮ፣ ደሞዟ ንጹህ ነው።" ይህን ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ነገ ከቤታችሁ ብትወጣ ምግቡም አልጋውም አብሮ ይቀራል። ታዲያ በእጇ ምን አላት? ደሞዟን ስትወስኑ ይሄን አስቡ። ለአገር ቤት የምትልከው፣ ለበዓል መሄጃ፣ ልብስና ጫማ፣ ስልክ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የምታስቀምጠው። ሳሙና፣ ቅባትና ሞዴስ ከቤቱ አስቤዛ ጋር ይገዛ። አንዲት ልጅ ለሞዴስ መግዣ ቀድማ ብር መለመን የለባትም።

አዋጁ ዝቅተኛ ደሞዝ ብሎ በቁጥር ያስቀመጠው የለም። የሰፈሩ ዋጋ ማለት ደግሞ ሴቶች ቡና ላይ የተስማሙበት ነው፣ እሷ አልነበረችም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ ብር ሲወርድ ሁላችንም ጮኸናል። ዘይቱ፣ ጤፉ፣ ታክሲው ሲጨምር ለኛም ለመንግሥት ሠራተኞች በ2017 ደሞዝ ተጨመረ። በቂ ነው አይደለም ሌላ ጉዳይ ነው። የኔ ደንብ ግን ይሄ ነው፦ የኔ ደሞዝ በመቶ ስንት ከጨመረ የሷም ቢያንስ በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ያውም ሳትጠይቅ። የምትጠይቀኝማ ልቅር ወይስ ልሂድ ብላ ሌሊቱን ስትብሰለሰል አድራ ነው።

ክፍያው በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ባንክም ይሁን ቴሌብር፣ የሚስጥር ቁጥሩን እሷ ብቻ ትወቀው። የፋይዳ መታወቂያ ከሌላት አንድ ቀን ፈቃድ ስጧትና ይዛችኋት ሂዱ። "ገንዘቧን እኔ እያጠራቀምኩላት ነው፣ ታባክነዋለች" የሚሉ ደጋግ ሴቶች አውቃለሁ። ብዙዎቹ አንዲት ሳንቲም አያጎድሉም። ግን ልጅቷ መሄድ በፈለገች ቀን ገንዘቧን ለማግኘት የሴትዮዋን ፊት ማየት አለባት። "እስከ ፋሲካ ብቻ ቆዪ" ትባላለች። ከፋሲካ በኋላ የተሰበረው ብርጭቆ፣ የተቃጠለው ሸሚዝ፣ የጠፋው ማንኪያ ይቆጠራል። ቤይሩት ላይ የሰደብነው ከዚህ በምን ይለያል?

ብርጭቆ ሲሰበር ከደሞዝ አይቆረጥም። እኛ ስንሰብር ማን ይቆርጥብናል?

ዕረፍት፣ ትምህርት፣ ሥጋ

የዕረፍት ቀን ማለት ጠዋት ቁርስ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ወጥታ ለእራት መመለስ አይደለም። አንድ ሙሉ ቀን ነው። የት ሄድሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ የሚል ምርመራ የለውም። ቤተክርስቲያን ትሂድ፣ መርካቶ ትዙር፣ ወይም ተኝታ ትዋል፣ ቀኑ የሷ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እሁድ እሁድ ቤታችን ትርምስምሱ ይወጣ ነበር። ባለቤቴ ሽሮ መሥራት የለመደው ያኔ ነው። ይበላል።

የማታ ትምህርት ላይ ብዙ ሰው ራሱን ይሸነግላል። "አስመዝግቤያታለሁ" ይላል። ክፍሉ የሚጀመረው ልክ እራት በሚሠራበት ሰዓት ነው። እንግዳ መጣ ትቀራለች፣ ልጁ ታመመ ትቀራለች። ፈተና ሲደርስ ደብተሯ ግማሹ ባዶ ነው። ከዚያ "ትምህርት አይገባትም" ይባላል። ማስተማር የፈለገ ሰው እራቱን ራሱ ይሥራ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ ይቀመጥ። እንግዳ ቢመጣም ልጅቷ ትወጣለች። ምዝገባ መክፈል ቀላሉ ነው፣ ሰዓቱን መልቀቅ ነው የሚከብደው።

ምግብ ከአንድ ድስት፣ ከአንድ ሌማት ነው። አብራ መብላት ካፈረች አታስገድዷት፣ ግን የተረፈ አይደለም የምትበላው።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር ላንሣ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ አሁን አብራን ያለችው ልጅ ሙስሊም ናት፣ ከወሎ። እኛ ያረድነውን አትበላም። ፋሲካ ሲመጣ ቤቱ በዶሮ ወጥ ይታጠናል። ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምራ የምትከትፈው፣ ድስቱን የምታማስለው እሷ ናት። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ እሷ ሽሮ ትበላለች። መፍትሔው ከቤታችን ሁለት ታክሲ ርቆ ያለ፣ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት ሥጋ ቤት ነው። ለበዓል የኛን ስንገዛ የሷንም ከዚያ እንገዛለን። ለብቻው የሚቀመጥ ድስትና ቢላዋ አላት። እሷ የሠራችውን ጥብስ እኛ አንነካም፣ የኛን እሷ አትነካም፣ ሁላችንም ሥጋ በልተን እናመሻለን። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ጦሟን ይዛ ከባድ ልብስ አታጥብም፣ ማፍጠሪያዋ በሰዓቱ ይቀርባል። ሴት ልጄ ቴምሩን ቀድማ ስለምትጨርስባት ደብቀን ነው የምናስቀምጠው።

ዕቃ ሲጠፋ

ቀለበት ይጠፋል። ያኔ ነው ሰው የሚለየው። ሁሉም ዓይኑን ወደ አንድ ሰው ያዞራል፣ "እጇ አመል አለበት እንዴ?" ይጀመራል። ቦርሳዋን አትፈትሹ። ፖሊስ ጠርታችሁ በጥርጣሬ ብቻ አታስይዟት፤ ድሃ ልጅ ጣቢያ ከገባች ማን ዋስ ይሆናታል? መጀመሪያ ቤቱን ሁሉም ሰው አብሮ ይፈልግ። ውድ ነገር ካላችሁ ቆልፋችሁ አስቀምጡ፣ ለእናንተም ለእሷም ዕረፍት ነው። ስትለቅም በር ላይ ሻንጣ ማስከፈት የሚባለው ልማድ ይቅር። መሥሪያ ቤት ስለቅ እንዲህ ቢያደርጉኝ እከሳቸው ነበር።

የቤቱ ወንዶች

ይሄን ሰው መስማት አይወድም። የሷ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ቁልፉ አንድ ብቻ ይሁን። ባል፣ ጎረምሳ ልጅ፣ የባል ወንድም፣ ዘበኛ፣ ማንም ይሁን ማንም እሷ ክፍል አይገባም። ይህን እሷ ባለችበት ለሁሉም በግልጽ ተናገሩ፣ ወንዶቹ ቢቀየሙም። "አንድ ነገር ቢገጥምሽ ቀድሜ የማምነው አንቺን ነው" በሏትና በቃላችሁ ቁሙ። ነገሩ ከደረሰ ወንጀል ነው። በሽምግልናና በካሳ የሚሸፈን አይደለም። ሳትታጠብ በቶሎ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ፖሊስ። ያረገዘችን ልጅ "ከየት አመጣሽው?" ብሎ በር መዝጋት ስንቷን ጎዳና ላይ እንደጣለ ከተማው ያውቃል።

ልጆች ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ የአምስት ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ትልቅ ሰውን "ውሃ አምጪ!" ሲል ሳቅ ብላችሁ አትለፉት። ተነሥቶ ራሱ ይቅዳ።

ስትሄድ

ትሄዳለች። ልትማር፣ ልታገባ፣ ፀጉር ቤት ልትከፍት፣ ወይም ዓረብ አገር ልትሄድ። "ይህን ሁሉ አድርጌላት!" የሚለው ምሬት ይመጣል። ዋጡት። ደመወዟን በዕለቱ ዝጉ፣ ያልወሰደችው ፈቃድ ካለ በገንዘብ አስሉት፣ ለያንዳንዱ ዓመት የስንብት ጨምሩ። ምን ምን እንደምትችል የሚገልጽ ደብዳቤ ከነስልካችሁ ጽፋችሁ ስጧት።

ዓረብ አገር ከሆነ ማስፈራራት ዋጋ የለውም፣ ወስናለች። በድንበር ሳይሆን በሕጋዊ ኤጀንሲ እንድትሄድ፣ የምትፈርመውን ውል እንድታነብ፣ የፓስፖርቷን ፎቶ እናቷም ጋ እናንተም ጋ እንድታስቀምጥ እርዷት።

የጎረቤት ቤት

ሰፈሬ ውስጥ ሴቶች "ሠራተኛ አበላሸሽብን፣ ፊት ሰጠሽ" ይሉኛል። ደሞዝ በጨመርኩ ቁጥር የነሱ ይጠይቃሉና። ጥሩ ነው፣ ይጠይቁ። ደሞዝ ስትጨምሩ አትደብቁ፣ ቡና ላይ ተናገሩ።

ከባዱ ግን የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያየነውን ምን እናድርግ የሚለው ነው። እኛ ብሎክ ላይኛው ፎቅ ድረስ የውሃ ግፊት አይደርስም። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ደረጃ የምትወጣ ልጅ ነበረች፣ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። በየፎቁ ትቆማለች፣ ጀሪካኑን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትተነፍሳለች። ሁላችንም በአጠገቧ "አይዞሽ" እያልን እናልፍ ነበር።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን አነጋግሩ፤ ዘመድ አላት ወይ፣ ስልኩን ታውቀዋለች ወይ፣ ትመታለች ወይ። እሷ ሳታውቅ የምታደርጉት ነገር በእሷው ላይ ሊመለስ ይችላል። ቀጥሎ ሴትየዋን በአክብሮት፣ ሰው በሌለበት። ስድብ ሳይሆን መፍትሔ ይዛችሁ ሂዱ። እንቢ ካለች የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አለ። ድብደባ ካለ ቀጥታ ፖሊስ። ከተቻለ ሌላ አንድ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻውን የመጣ ሰው "ጠበኛ ነው" ተብሎ ይመለሳል።

እኔና አንድ የታችኛው ፎቅ አባወራ ወረዳ ድረስ ሄደናል። ከብዙ መመላለስ በኋላ አክስቷ ተገኝታ ወሰደቻት። ጎረቤቴ እስካሁን ኩርፊያ ላይ ናት። ዕድር ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው። ውሃውን አሁን ባልየው ነው የሚያወጣው፣ እሱም በየፎቁ ይቆማል።